ካርቦን የለበሰ አፈሙዝ በመዘዞ ሚዛን

በእኛ አገር ጠመንጃ ይወለወላል፣ ይሸለማል፣ ይወረሳል፣ ሲቸግርም ይሸጣል፤ ሚዛን ላይ ወጥቶ ግን አያውቅም። ውጅግራም ሆነ ወጨፎ፣ ምንሽርም ሆነ ክላሽ ሲገዛ «ይመታል ወይ? ጥይቱስ ይገኛል ወይ?» ይባላል እንጂ «ስንት ኪሎ ነው?» ያለ ሰው በሸዋ ደጋ ላይ ባለችው በመዘዞ አላጋጠመኝም። ካፒቴን ሐሪስ የሚባለው የእንግሊዝ መልእክተኛ በ1841 እ.ኤ.አ. ከታጁራ ተነሥቶ፣ በረሃውን አቋርጦ ሸዋ ገብቶ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ 300 ጠመንጃ ከነሳንጃው ሲያበረክት ንጉሡ ደስታቸውን አልደበቁም። ስለ ክብደቱ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። ሐሪስ ራሱ የለየለት አዳኝ ነበር። ከዚያ በፊት ደቡብ አፍሪካ ላይ ሳብል የሚባለውን ባለ ቆልማማ ቀንድ አውሬ ገድሎ ለአውሮፓ ሊቃውንት ያስተዋወቀ ሰው ነው፤ ሸዋም መጥቶ ዝሆን ጥሏል። እሱንም ቢሆን ክብደት አላስጨነቀውም። ግመሎቹ ምን ሠርተው ይብሉ?

ክብደት የሚባል ጭንቀት መዘዞ የገባው በአጎቴ ልጅ ሻንጣ ነው። ልጁ የሚኖረው ዴንቨር ነው። ዓመቱን ሙሉ ኡበር ይነዳል፤ ጥቅምት ሲጠባ ግን ሕጉ የሚያዝዘውን ብርቱካንማ ሰደርያ ደርቦ የኮሎራዶን ተራራ ይቧጥጣል። የሚያድነው ኤልክ የሚሉትን፣ ወይፈን የሚያክል፣ ቀንዱ እንደ ደረቀ ግራር የተንጨፈረረ አጋዘን ነው። ለ2012 ዓ.ም. ጥምቀት አገር ቤት መጣ። ያኔ መንገዱ ሰላም ነበር። ከደብረ ብርሃን ተነሥተን ጣርማ በር ላይ፣ ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ ውስጥ ሳንገባ ወደ ግራ ታጥፈን፣ በመንዝ መንገድ መዘዞ ደረስን። ጉሙ ከይፋት በኩል ገደሉን ወጥቶ፣ በር ሳያንኳኳ ቤት የሚገባበት ሰዓት ነበር።

ልጁ ጠመንጃውን ይዞ ሊመጣ አይችልም፤ ይዞ የመጣው ፎቶውንና አንድ ቀለበት ነው። ቀለበቱ ከጠመንጃ ሠሪው ያገኘው የማሳያ ቁራጭ ነው፤ አፈሙዝ እንደ ካሮት ተቆርጦ ውስጡ እንዲታይ የተሠራ። አጎቴ በእጁ መዳፍ ላይ አኑሮ፣ ወደ ምድጃው ብርሃን ጠጋ ብሎ አገላበጠው። መካከሉ ጥይት የሚያልፍበት 7 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ፤ በቀዳዳው ዙሪያ ቀጭን፣ የሚያብለጨልጭ ብረት፤ ከብረቱ ውጭ ደግሞ ከሰል የመሰለ ወፍራም ጥቁር ድርብ፣ ላዩ የእባብ ቆዳ የሚመስል ጥልፍ ያለበት። በጥፍሩ መታ መታ አደረገው። ድምፁ የብረትም የእንጨትም አልሆነለትም።

«ይኼ ጥቁሩ ምንድር ነው?»

«ካርቦን ነው፣ አባባ። ከሐር የቀጠነ ክር በሙጫ እየተነከረ፣ ብረቱ ላይ ተጠምጥሞ የተጋገረ ነው።»

«ብረቱ ታሟል እንዴ?»

ልጁ ብረቱ እንዳልታመመ፣ የከሳው ሆን ተብሎ መሆኑን አስረዳ። ነገሩን እኔም በኋላ አገላብጬ አንብቤዋለሁ፣ ስለዚህ ከእሱ ትንሽ ባሳጥረው ይሻላል። አፈሙዝ ሲተኮስ ይርገበገባል፤ ወፍራም ሲሆን ግን ግትር ይሆናል። ድፍን ዘንግ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ግትርነቱ 16 እጥፍ ይሆናል። ችግሩ ወፍራም ብረት መክበዱ ነው። ካርቦን በአንጻሩ፣ በመጠን እኩል ቢደረግ፣ የብረትን ክብደት አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው የሚመዝነው። እንግዲህ ብረቱን ልጠህ ልጠህ ታቀጥነዋለህ፣ የጎደለውን ውፍረት በካርቦን ትሞላለህ። ወፍራም፣ ግትር፣ ቀላል። በአሜሪካ ዩታ ክፍለ ግዛት ክሪስተንሰን የሚባል ኩባንያ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ ይታወቃል፤ ሞንታና ውስጥም ፕሩፍ የሚባል አለ፤ ሌሎችም ተከትለዋል። ልጁ ማስረጃ ሲጨምር፣ «እኔን ያመጣችኝ ድሪምላይነርም ግማሽ ክብደቷ ከዚሁ ዓይነት ነገር ነው» አለ። እውነቱን ነው። አየር መንገዳችን በ2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ ቀድሞ ያስመጣት አውሮፕላን አካሏ በአብዛኛው ከካርቦን ድርብ የተሠራ ነው።

አጎቴ ይህን ሁሉ በጸጥታ ሰማና አንድ ጥያቄ ጠየቀ።

«ሲግልስ?»

ጠመንጃን የሚያውቅ ሰው የሚጠይቀው ይህን ነው። አባቱ፣ ማለትም አያታችን፣ በአምስቱ ዓመት ጦርነት ከጣሊያን የማረኩትን ምንሽር ሲያወርሱት ታሪኩንም አብረው አውርሰውታል። አፈሙዙ እስኪፋጅ የተተኮሰበትን፣ መዳፋቸውን በነጠላ ጠቅልለው የያዙበትን ቀን ይተርኩለት ነበር አያታችን። ልጁ «ካርቦኑ ቶሎ ያበርደዋል» አለ። እዚህ ላይ እኔ ጣልቃ ገባሁ፤ ነገሩ እንደ ሠሪዎቹ ማስታወቂያ ቀና አይደለምና። የካርቦን ክር ራሱ ሙቀት ያስኬዳል፤ ክሩን የሚያጣብቀው ሙጫ ግን ሙቀት ይከለክላል። ስለዚህ ላዩን ስትነካው በረድ ያለ ይመስልሃል፣ ውስጥ ያለው ቀጭን ብረት ግን ግሎ ሊሆን ይችላል። ሠሪዎቹ ይህን ለማስታረቅ የየራሳቸው ብልሃት አላቸው፤ ክርክሩ ግን አላለቀም። ለአዳኝ ደግሞ ክርክሩ ከናካቴው አያስፈልገውም።

«ስንት ጥይት ትተኩሳለህ?» አለ አጎቴ።

«አንድ። ቢበዛ ሁለት።»

«በአንድ ጥይት የሚግል ምን አለ? ከሱ በኋላ አውሬውም የለ፣ አንተም ተቀምጠህ ታለቅሳለህ።»

እትዬ፣ የአጎቴ ባለቤት፣ ሱፍ እየፈተለች ነበር። የመንዝ ባና እንዲህ ነው የሚጀመረው። አውሬ መግደሉ ብዙ አልገረማትም፤ የጠየቀችው «ማን ባርኮት ነው የምትበላው?» ብላ ነው። ልጁ ቃታውን ሲስብ «በስመ አብ» እንደሚል፣ ወድቆም ሳይሞት ከደረሰበት በቢላዋ እንደሚባርከው፣ የአደኑ ወቅትም ጾመ ነቢያት ከመግባቱ በፊት እንደሚውል ማለላት። እሷም የሥጋውን ነገር ከተቀበለች በኋላ ወደ ዋጋው ዞረች። ካርቦን የለበሰው አፈሙዝ ብቻውን 900 ዶላር ገደማ፤ ጥሩ የሚባለው የብረት አፈሙዝ የዚያን ግማሽ የማይሞላ። በዚያን ጊዜ ምንዛሪ ልዩነቱ አንድ የሚያርስ በሬ ይገዛ ነበር።

«በሬ የሚያህል ብር ከፍለህ ስንት ቀለለልህ?»

«ግማሽ ኪሎ ያህል።»

እንዝርቷን አቁማ ልጇን ከላይ እስከ ታች አየችው። አሜሪካ አላስከፋችውም፤ ቀበቶው ከእምብርቱ በታች ነው የሚታሰረው።

«ልጄ፣ አንድ ሁዳዴ ብትጾም እኮ…»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ልጁም ሳቀ፣ ግን በማግሥቱ ሚዛን ይፍረደን አለ።

ሚዛን ያለው የእህል ነጋዴው ዘንድ ነው። አጎቴ ምንሽሩን በጀርባው አጋድሞ፣ ሁለት እጁን እንደ ቀንበር በላዩ ሰቅሎ ከፊት ይሄዳል። የእኛ ደገኛ ጠመንጃ አያያዝ ይህ ነው፤ ክብደቱ በማጅራት ላይ ስለሚከፋፈል አይታወቅም፣ እጅም ያርፋል። የጣሊያን ረጅሙ ምንሽር 1 ሜትር ከ29 ሳንቲም ስለሚረዝም ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። የልጁ ቀላል ጠመንጃ ግን አጭር ነው፤ እጅ ለመስቀል አይመችም። ማንም የጠመንጃ መጽሔት ይህን ጉድለት ሲያነሳ አላየሁም።

ገበያ ሳንደርስ ወሬው ቀደመን። አጎቴ ያባቱን ምንሽር ለቆራሌው በኪሎ ሊሸጥ ነው ተባለ። አንድ ሽማግሌ መንገድ ላይ አስቁመው፣ «ምን ቸገረህ? ለኛ አትነግረንም?» ብለው ሊያለቅሱ ደረሱ። ነገሩን ማስረዳቱ ከመመዘኑ የበለጠ ጊዜ ፈጀ። ነጋዴውም «ጠመንጃ መዝኜ አላውቅም፣ በርበሬ የሚመዘንበት ላይ ባሩድ አይነካካብኝ» ብሎ ጆንያ አነጠፈ። ምንሽሩ ወጣ። ከነማንገቻው፣ ከተለበደበት ቆዳና ሰደፉ ላይ በመስቀል ቅርጽ ከተመቱት የናስ ምስማሮች ጋር አራት ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ልጁ ከስልኩ ያነበበው የራሱ ጠመንጃ ከነመነጽሩ ሦስት ኪሎ ተኩል ነው። ግማሽ ኪሎ፤ እንዳለው።

አጎቴ ምንም ሳይናገር በጉም የራሰውን ባናውን ከትከሻው አውርዶ ሚዛኑ ላይ ጣለው። ከሁለት ኪሎ በላይ ሆነ። ነጋዴው ሳቀ፣ እኛም ሳቅን፣ ጉዳዩ በመዘዞ በኩል ተዘጋ።

በእኔ በኩል ግን አልተዘጋም፤ ምክንያቱም ሚዛኑ ላይ የወጣው ጥያቄ ትክክለኛው አልነበረም። መወዳደር ያለበት ከሰማንያ ዓመት በላይ የሆነው የአያቴ ምንሽር ከልጁ ጠመንጃ ጋር አይደለም፤ የዛሬ ካርቦን ከዛሬ ቀጭን ብረት ጋር ነው። የማስታወቂያው ዘዴ እዚህ ላይ ነው። «ከብረት በጣም ይቀልላል» ሲል የሚያወዳድረው እኩል ውፍረት ካለው ብረት ጋር ነው፤ ያን የሚያህል ወፍራም ብረት ደግሞ የዒላማ ተኳሽ እንጂ ተራራ የሚወጣ አዳኝ ተሸክሞት አያውቅም። ለተራራ አደን ከድሮ ጀምሮ የሚሠራው ቀጭን የብረት አፈሙዝ ነው፤ ርዝመቱ እኩል ሲሆን ከካርቦኑ ጋር ይተካከላል፣ አንዳንዴም ይቀልላል። በሬ የሚያህለው ብር የገዛው ቅለት ሳይሆን ውፍረት ነው ማለት ነው። ይህን ለልጁ ስነግረው ስልኩን አውጥቶ ቁጥሮችን አነጻጸረ፣ ከዚያ ስለ አየሩ ሁኔታ ማውራት ጀመረ።

ውፍረቱ ለማን ይጠቅማል? ሐቁን ለመናገር የሚጠቅመው አለ። አፈሙዙ ጫፍ ላይ ድምፅ ማፈኛ የሚሰካ ሰው፣ ኮሎራዶ ውስጥ ይህ ሕጋዊ ነው፣ ከ300 እስከ 500 ግራም የሚደርስ ዕቃ በቀጭን ብረት ጫፍ ላይ ሲያንጠለጥል ብረቱ ይቸገራል፤ ግትሩ ካርቦን ይሸከመዋል። ደጋግሞ የሚተኩስ፣ ሩቅ ዒላማ የሚለማመድ ሰውም ይጠቀምበታል። ላዩ አለመዛጉም ቁምነገር ነው፤ የመዘዞ ጉም ብረት እንዴት እንደሚበላ የምናውቅ ሰዎች ነን። ግን ውስጡ ያው ብረት ስለሆነ ከዘይትና ከመወልወያ ጨርቅ አያድንም።

ሌላው ማንም የማይወደው ነገር ደግሞ አለ። ቀላል ጠመንጃ ይራገጣል። ያው ጥይት ሆኖ ጠመንጃው በግማሽ ሲቀልል ትከሻ ላይ የሚያርፈው ጉልበት እጥፍ ይሆናል። ዳገት ወጥቶ እያለከለከ ላለ ሰው ደግሞ ቀላል አፈሙዝ በትንፋሹ ልክ ይዋልላል። ቅለት ጉዳት እንዳለው በተግባር ያሳየችን እትዬ ናት። ልጁ ወደ ዴንቨር ሊመለስ ሲል ቀለበቱን ሰጥቷት ነበርና ለእንዝርቷ ጥሩ ክብደት ይሆነኛል ብላ እንጨቱን በቀዳዳው አሾለከችው። ብታሽከረክረው አንድ ሁለቴ ዞሮ ቆመ። ደገመችው፤ ቆመ።

«ቀለለ፤ አይዞርም» አለችና አውልቃ ለልጅ ልጇ መጫወቻ ሰጠችው።

አገራችን ውስጥ ቀላል ጠመንጃ በእውነት ያስፈልገዋል የሚባል ሰው ካለ፣ ባሌና አርሲ ተራራ ላይ ደጋ አጋዘን የሚያሳድደው የውጭ አዳኝ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ አስታ ጥሻ ለጥሻ መንከራተት ቀልድ አይደለም። ግን ደጋ አጋዘን ለሳይንስ የታወቀው ሻለቃ ባክስተን የሚባል እንግሊዛዊ በ1908 እ.ኤ.አ. በዘመኑ ብረትና እንጨት ገድሎት ነው፤ የሳይንስ ስሙ እስከ ዛሬ የሚጠራው በእሱ ነው። የዛሬው አዳኝ ደግሞ ፈቃዱን ከዱር እንስሳት ባለሥልጣን አስወጥቶ፣ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ከፍሎ፣ ፈረስ ተከራይቶ ነው የሚወጣው። ጠመንጃውን ብዙ ጊዜ የሚሸከምለት የአገሩ ልጅ ነው። ለቅለቱ የሚከፍለው ባዶ እጁን ይሄዳል፤ የሚሸከመውን ማንም አላማከረም። በእኛ በኩል፣ ከመዘዞ አልፎ ጓሣ ላይ፣ ሕዝቡ ቄሮ በሚባለው የአካባቢው ባህላዊ ሥርዓት ለዘመናት ሣሩን ሲጠብቅ ኖሯል፤ እዚያ አደን ክልክል ነው። ገብሱን የሚዘርፈውን ጭላዳ እረኛው የሚያባርረው በወንጭፍ ነው። ከወንጭፍ የቀለለ መሣሪያ ደግሞ ዩታም አልሠራችም።

ልጁ ግን ተስፋ አልቆረጠም። በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ ትዕግሥት አሰፋ በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ የሴቶችን የማራቶን የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር ዴንቨር ሌሊት ነበር፤ እሱ ደወለ። «አየህ? ጫማዋ 138 ግራም ነው! ውስጡ ካርቦን አለው! 500 ዶላር ነው!» እኔም አልሸሸሁም። ጫማዋ 138 ግራም የሆነው 42 ኪሎ ሜትር ሙሉ በየእርምጃው ስለምታነሣው ነው፤ እግር ላይ ያለ ግራም በእርምጃ ይባዛል። አንተ ጠመንጃውን አንዴ ታነግተዋለህ፣ አንዴ ታወርደዋለህ። ይልቁንስ ኤልኩን ከጣልህ በኋላ ከ80 ኪሎ በላይ ሥጋ በጀርባህ እያመላለስህ መኪናህ ድረስ ስታወርድ ስለ ግማሽ ኪሎ አፈሙዝ ታስታውሳለህ? አልሁት። ትንሽ ዝም አለና «ይኼስ እውነት ነው፣ ባለፈው ወገቤ ተቆርጦ ነበር» አለ።

ከዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ እኔን ያሳመነኝ የአጎቴ ፍርድ ነው፤ ፍርዱ ግን ስለ ክብደትም ስለ ሙቀትም አይደለም። ሚዛኑ ዘንድ ከሄድንበት ስንመለስ የልጁን ፎቶ አንዴ ልየው ብሎ ተቀበለ። ጥቁሩን ጥልፍ በጣቱ እያሰፋ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ የራሱን ምንሽር ከትከሻው አውርዶ ከስልኩ አጠገብ አቆመው፤ የተለበደው ቆዳ፣ የናስ ምስማሮቹ፣ ማንገቻው ላይ የታሰረችው ቀይ ጨርቅ። አንዳቸውም ጥይትን አያቀኑም፤ ቢነቀሉ ደግሞ አጎቴ ሠርግ ቤት አይሄድበትም።

«እና እንዲህ አትለኝም?» አለው ልጁን። «ጌጥ ነው። ያምራል። ብሩ ካለህ ምናለበት? እኔ ደግሞ አሞህ መስሎኝ ነበር።»

ስለዚህ ዴንቨርም ሲያትልም ያላችሁ የመዘዞና የመንዝ ልጆች፣ ማፈኛ የማትሰኩ ከሆነ ቀጭኑን ብረት ግዙ፤ በተረፋችሁ ብር ጥይት ገዝታችሁ መተኮስ ተለማመዱ። ካናዳ ያላችሁ ደግሞ እዚያ ማፈኛ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ይቺም ሰበብ የለቻችሁም። ገዝታችሁት ከሆነ አትመልሱት፣ በደስታ ያዙት። ብቻ አባታችሁ ፊት «ለክብደቱ ብዬ ነው» እንዳትሉ። «ለጌጥ ነው» በሉት፤ ወዲያው ይገባዋል።